ማሞቂያውም ጋዙም ከገንዳው ውጪ፦ በመርካቶ ጎማና ፋሸታ የተክል አኳሪየም መግጠም

አኳሪየም ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ሆቴል መግቢያ ላይ የተቀመጠ መስታወት፣ ሰማያዊ ጠጠር፣ የፕላስቲክ ቅጠል፣ አረፋ የሚተፋ ሳጥን፣ መሀሉ ላይ ሁለት ሦስት ወርቃማ ዓሣ። አሁን አሁን በስልካችን የምናየው ግን ሌላ ነው። ውሃ ውስጥ የበቀለ ሜዳ፣ እውነተኛ ሣር፣ ድንጋይና ግንድ፣ በመሀል የሚያልፉ ትንንሽ ዓሦች። ሽቦ የለም፣ ሳጥን የለም፣ ማሞቂያም አይታይም።

ታዲያ ዕቃዎቹ የት ሄዱ? ጎማው ላይ ናቸው።

ይሄ አገጣጠም "ኢንላይን" ይባላል። ከኦንላይን ጋር አታምታቱት፣ ኢንተርኔት የለበትም። ውሃው ከገንዳው ወጥቶ፣ ካቢኔት ውስጥ ባለ ማጣሪያ አልፎ፣ በጎማ ተመልሶ ወደ ገንዳው ይገባል። ማሞቂያውን፣ የጋዝ ማስገቢያውንና ሌላውን ዕቃ እዚያው ጎማ ላይ፣ በመንገድ ላይ እንደተሠራ ኬላ፣ አንድ በአንድ መግጠም ማለት ነው። ውሃው እያለፈ ይሞቃል፣ እያለፈ ጋዝ ይቀበላል፣ ገንዳው ውስጥ ዓሣና ተክል ብቻ ይቀራል።

ይህን ዓይነቱን ገንዳ ለዓለም ያስተዋወቀው ጃፓናዊው ፎቶግራፈር ታካሺ አማኖ ነው። በ1982 (እ.ኤ.አ.) ኤዲኤ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ከመሞቱ በፊት በፖርቱጋል ሊዝበን 40 ሜትር ርዝመትና 160,000 ሊትር ውሃ ያለው የውሃ ውስጥ ደን ሠርቶ ሄዷል። እኛ ስለ 100 ሊትር ነው የምናወራው። ግን ሕጉ አንድ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ውበቱ አይደለም። ኤሌክትሪክ፣ ውሃና ግፊት ያለው ጋዝ አንድ ጠባብ ካቢኔት ውስጥ ሲገቡ ስህተት ዋጋ ያስከፍላል። ዩቲዩብ ላይ ያለው መመሪያ ደግሞ መብራት ለማይጠፋበት፣ ውሃ በፈረቃ ለማይመጣበትና በባሕር ጠለል ላይ ላለ ከተማ የተሠራ ነው። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ሰው እንጻፈው።

መጀመሪያ ከተማችንን እንወቅ

አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ባቄላና ሽምብራ እዚህ ለመብሰል ከቆላ ይልቅ ለምን እንደሚዘገይ እናቶቻችን ያውቃሉ፦ ውሃ እዚህ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ የአየር ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ። የአየር ግፊታችን የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው።

ይሄ ዓሣውን ምን አገናኘው? ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን የሚወሰነው በአየር ግፊት ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ባሕር ጠለል ላይ አንድ ሊትር ውሃ ወደ 8 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል። እዚህ ወደ 6 ገደማ ነው። ማለት የእናንተ ዓሣ ገና ከመጀመሪያው አንድ አራተኛ ትንፋሽ ተቀንሶበታል። ውጪ ሀገር ያለ ሰው "ይሄን ያህል ዓሣ ጨምሩ፣ ይሄን ያህል ጋዝ ልቀቁ" ሲል እኛ ቀንሰን መስማት አለብን።

ሁለተኛው ብርድ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። እንደ ኒዮን ቴትራና ጋፒ ያሉት የሞቃት ሀገር ዓሦች ግን ከ23 እስከ 26 ዲግሪ ይፈልጋሉ። "አዲስ አበባ ሙቀቷ ተስማሚ ነው፣ ማሞቂያ አያስፈልግም" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ስለራሱ ነው የሚያወራው፣ ስለ ዓሣው አይደለም። ማሞቂያ የማትፈልጉት ጎልድፊሽ ብቻ ካኖራችሁ ነው። እሱ ቀዝቃዛ ውሃ ይችላል፤ ችግሩ ተክሉንም ይበላዋል።

ሦስተኛውና አራተኛው መብራትና ውሃ ናቸው። ወደነሱ እንመለሳለን።

ውሃው በየት በኩል ያልፋል?

ቅደም ተከተሉ ይኼ ነው፣ ስክሪንሹት አድርጉት፦

ገንዳ → መሳቢያ ቱቦ → ማጣሪያ (ካኒስተር) → ማሞቂያ → የጋዝ ማስገቢያ → መመለሻ ቱቦ → ገንዳ

ካኒስተር ማለት ውስጡ ስፖንጅና ባለ ቀዳዳ ድንጋይ የተሞላ፣ ክዳኑ ላይ ፓምፕ ያለው የታሸገ ባልዲ በሉት። ውሃው ከገንዳው ወደ ታች በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ፓምፑ የሚሠራው ወደ ላይ ሲመልሰው ነው።

ማሞቂያና ጋዝ ማስገቢያ ሁልጊዜ መመለሻው ጎማ ላይ ነው የሚገጠሙት፣ መሳቢያው ላይ አይደለም። ምክንያቱ ሁለት ነው። መሳቢያው ላይ ያለው ውሃ ገና አልተጣራም፤ የወደቀ ቅጠልና ቆሻሻ ማሞቂያው ውስጥ ይሰካል። ሌላው፣ ፓምፕ መግፋት እንጂ መምጠጥ አይወድም። መሳቢያው ላይ ዕቃ ስትደረድሩበት ይታፈናል፣ ትንሽ ክፍተት ካገኘ ደግሞ አየር ይስባል፣ ይንጫጫል፣ በመጨረሻ ይቃጠላል።

ማሞቂያው ከጋዝ ማስገቢያው መቅደም አለበት። ጋዙ ቀድሞ ከገባ አረፋው ማሞቂያው አናት ላይ ይጠራቀማል። ውሃ ያልነካው የማሞቂያ ክፍል ደግሞ ከመጠን በላይ ይግላል። በዚሁ ምክንያት ማሞቂያው ቆሞ ነው የሚገጠመው፣ ውሃው ከታች ገብቶ ከላይ እንዲወጣ። አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ ራሱን ያጸዳል። ካጋደማችሁት አየሩ ውስጡ ይቀራል።

ውሃው አረንጓዴ የሚሆንባቸው ሰዎች ዩቪ መብራትም ይጨምራሉ፤ ቦታው ከማጣሪያው በኋላ፣ ከጋዙ በፊት ነው። የበራ ዩቪ ግን በዓይን አይታይም፣ ዓይን ይጎዳል። ለጀማሪ አያስፈልግም ባይ ነኝ።

የማጣሪያው አቅም ስንት ይሁን? ለተክል ገንዳ ውሃው በሰዓት ከ5 እስከ 10 ጊዜ ቢዞር ጥሩ ነው። ለ100 ሊትር ገንዳ በሰዓት ከ600 እስከ 1,000 ሊትር የሚል ማጣሪያ ፈልጉ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ባዶ ፓምፕ የተለካበት ነው። ስፖንጅ ሲገባበት፣ ከፍታው ሲጨመር፣ ማሞቂያና ጋዝ ማስገቢያ ሲደረደርበት ይቀንሳል። ስለዚህ ትልቁን ያዙ።

ማሞቂያ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሊትር ከ1.5 እስከ 2 ዋት አስቡ። ለ100 ሊትር 200 ዋት ይበቃል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 200 ዋት ማሞቂያ 100 ሊትር ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 35 ደቂቃ ገደማ ይወስድበታል፣ ያውም ወደ ክፍሉ የሚጠፋውን ሙቀት ሳንቆጥር።

መርካቶ ምን እንግዛ? ምን አንግዛ?

ካኒስተሩ፣ የኢንላይን ማሞቂያውና የጋዝ ማስገቢያው ከውጪ የሚመጡ ናቸው። ብር በሐምሌ 22፣ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ በኋላ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አልፏል። የውጪ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም።

የሚያጽናናው ነገር ግማሹ ዕቃ የቧንቧ ዕቃ መሆኑ ነው። የቧንቧ ዕቃ ደግሞ መርካቶ አይጠፋም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ወደዚህ ከተዛወረ ጀምሮ መርካቶ በተራ በተራ ነው የሚሠራው። "የአኳሪየም ዕቃ" ብላችሁ ከጠየቃችሁ ትዞራላችሁ፣ ዋጋውም ይቆለላል። የቧንቧ ዕቃ የሚሸጡት ጋር ገብታችሁ "ወንድሜ፣ ባለ ግማሽ ኢንች ነጭ ጎማ ስንት ነው ሜትሩ?" ስትሉ ግን የቧንቧ ሠራተኛ ዋጋ ነው የሚነገራችሁ።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። የአኳሪየም ጎማ በሚሊ ሜትር ነው የሚጠራው፦ 12/16 ወይ 16/22። የመጀመሪያው ቁጥር የውስጡ ስፋት ነው፣ ሁለተኛው የውጪው። መርካቶ ያለው ጎማ ግን በኢንች ነው የሚሸጠው። ማመሳከሪያው ይኸው፦

• 12/16 የሚል ዕቃ፦ ግማሽ ኢንች ጎማ (12.7 ሚሊ ሜትር)። ትንሽ ይሰፋል፣ ፋሸታ ግዴታ ነው።
• 16/22 የሚል ዕቃ፦ አምስት ስምንተኛ ኢንች ጎማ (15.9 ሚሊ ሜትር)። ልክክ ይላል።
• ሦስት አራተኛ ኢንች (19 ሚሊ ሜትር)፦ ለሁለቱም አይሆንም። "በፋሸታ ይጠብቃል" ቢሏችሁ አትስሙ።

ማሞቂያውን ወይ የማጣሪያውን ጫፍ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሞክሩት። የመርካቶ ዕቃ መመለስ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ።

የምትገዟቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

• ከ4 እስከ 5 ሜትር ጎማ፣ ወፈር ያለና ሲታጠፍ ቶሎ የማይሰበር
• ለእያንዳንዱ መጋጠሚያ አንድ ፋሸታ፣ ዝገት የማይነካው ዓይነት
• ከማጣሪያው በፊትና በኋላ የሚገቡ የፕላስቲክ መዝጊያዎች፣ ማጣሪያውን ስታጥቡ ውሃውን የምትዘጉባቸው
• ለጥርስ መጋጠሚያ የሚሆን ቴፍሎን
• ባልዲና ብዙ ጨርቅ

የማትገዙት ደግሞ ይኼን ነው። የነሐስና የመዳብ መጋጠሚያ፣ ጋልቫናይዝድ የሆነ ብረትም ጭምር። የቧንቧ ሱቅ ውስጥ የሚያብረቀርቀው ጎሚቶና ኒፕል ለቤት ውሃ ጥሩ ነው፤ ገንዳ ውስጥ ግን መዳብና ዚንክ ቀስ እያለ ይሟሟል። ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ በጣም ትንሽ መዳብ ይገድላቸዋል፣ ዓሣም አይወደውም። በተለይ የተክል ገንዳ ውሃ በጋዙ ምክንያት ወደ አሲድ ስለሚያደላ ብረቱን ቶሎ ይበላዋል። ውሃውን የሚነካው ሁሉ ፕላስቲክ ይሁን። ፋሸታው ብረት ቢሆን ችግር የለውም፣ ከጎማው ውጪ ነው።

ሲሊኮን ካስፈለጋችሁ ቱቦው ላይ "ፀረ ሻጋታ" የሚል ያለበትን ተዉት፤ ሻጋታውን የሚገድለው መድኃኒት ዓሣውንም ይገድላል።

አገጣጠሙ፣ ደረጃ በደረጃ

1. ካቢኔቱን አስቡ። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው፤ መስታወቱ፣ ጠጠሩና ድንጋዩ ሲጨመር ከ130 ኪሎ ያልፋል። የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ይሄን አይችልም።

2. ሁሉንም ዕቃ ደረቅ እያለ ደርድሩት። ጎማውን ከመቁረጣችሁ በፊት መንገዱን በገመድ ለኩ። ጎማ ሲታጠፍ መሰበር የለበትም። ረዘም ያለ ጎማ ማሳጠር ይቻላል፣ ያጠረ ጎማ ግን አይረዝምም።

3. የጎማውን ጫፍ የፈላ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ደቂቃ ነክራችሁ ግፉት። ይለሰልሳል፣ እስከ መጨረሻው ይገባል። ዘይት ወይ ቅባት አትቀቡት፤ ያኔ የገባበት መንገድ የሚወጣበትም ይሆናል።

4. ፋሸታውን አጥብቁ፣ ግን ፕላስቲኩ እስኪሰነጠቅ አይደለም።

5. መሳቢያ ቱቦው ላይ፣ ከውሃው ወለል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ብሱ። መመለሻውም ላይ እንደዚሁ። ይቺ ቀዳዳ ቤታችሁን ታድናለች። አንድ ጎማ ሌሊት ቢነቀል ውሃው እስከ ቀዳዳው ይወርድና አየር ይገባል፣ ፍሰቱ ይቆማል። ቀዳዳው ከሌለ ግን ገንዳው በሙሉ ወለሉ ላይ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ ደግሞ ታች ያለው ጎረቤት ጣሪያ ላይ።

6. ዓሣም ተክልም ሳይገባ በውሃ ብቻ 24 ሰዓት አሠሩት። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ሥር ነጭ ሶፍት አንጥፉ። ዓይን የማያየውን ጠብታ ሶፍት ያሳያችኋል። "ትንሽ ነው የሚያንጠባጥበው" የሚባል ነገር የለም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ይሄ ነው።

7. ማሞቂያውን የምትሰኩት በመጨረሻ፣ ውሃው መዞሩን ካረጋገጣችሁ በኋላ ነው።

ኤሌክትሪኩ

ጥቅምት 11፣ 2017 ዓ.ም. ማታ ሸማ ተራ የተነሳው እሳት ስንት ሱቅ እንደበላ የመርካቶ ሰው አይረሳውም። እሳት በተጠጋጋ ቦታ ምን እንደሚያደርግ ከዚያ በላይ አስተማሪ የለም። 220 ቮልትና 100 ሊትር ውሃ አንድ ካቢኔት ውስጥ ስታስገቡ ይሄን አስቡ።

ዲቫይደሩ መሬት ላይ አይቀመጥም፣ ከማጣሪያው በላይ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። እያንዳንዱ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ ተመልሶ ከፍ ይበል። ያኔ በገመዱ ላይ የሚንሸራተት ውሃ ዝቅ ካለው ቦታ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ይሄ ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

ገንዘብ የሚያስወጣው አርሲዲ ብሬከር ነው። ተራው ብሬከር ገመድ እንዳይቃጠል ይጠብቃል፣ ሰው አይጠብቅም። አርሲዲው ግን ትንሽ ኤሌክትሪክ (30 ሚሊ አምፔር) ወደ ውሃ ወይ ወደ ሰው ሲያመልጥ ወዲያው ይቆርጣል። ማስገጠሙ ለኤሌክትሪሺያን የግማሽ ቀን ሥራ አይሆንም። ምድር መስመር መኖሩንም አብራችሁ አስፈትሹ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ። እጃችሁን ውሃ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊትም ማሞቂያውን ንቀሉ፣ ሁልጊዜ።

ማሞቂያውና ፓምፑ አንድ ዲቫይደር ላይ ይሁኑ። ማጣሪያውን ለማጠብ ዲቫይደሩን ስታጠፉ ማሞቂያውም አብሮ ይጠፋል። ውሃ የማይሄድበት ማሞቂያ ሲግል ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

መብራት ሲሄድ

ገንዳው ውስጥ ያለው ተራ ስፖንጅ መብራት ቢጠፋም ዙሪያው ውሃ አለ። ካኒስተር ግን የታሸገ ነው። ውስጡ የዓሣውን ሽንት መርዝነት የሚያጠፉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ እነሱም ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ውሃው ከቆመ በሰዓታት ውስጥ ኦክስጅኑን ይጨርሱና መሞት ይጀምራሉ። ከዚያ መብራት ይመጣል፣ ፓምፑ ይነሳል፣ የበሰበሰው ውሃ በሙሉ ዓሦቹ ላይ ይፈሳል። ብዙ ሰው "መብራት ጠፍቶ ሞቱ" የሚለው ብዙ ጊዜ መብራት ሲመጣ ነው የሞቱት።

ስለዚህ ከአራት አምስት ሰዓት በላይ ከጠፋ ፓምፑን ንቀሉት። ሲመጣ ካኒስተሩን ክፈቱ፣ ውስጡ ያለውን ውሃ ድፉ፣ ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ለቅለቅ አድርጉ (በቧንቧ ውሃ አይደለም፣ ክሎሪኑ የተረፉትን ባክቴሪያዎች ይጨርሳል)፣ ከዚያ አስነሱ። ማሞቂያውን ከመስካታችሁ በፊት ውሃው እየዞረ መሆኑን እዩ፤ አንዳንዴ ፓምፑ አየር ይዞ ባዶውን ይንጫጫል።

ባትሪ ያለው ሰው ሒሳቡን ይሥራ። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ግማሹን ብቻ ብንጠቀም እንኳ 20 ዋት የሚበላ ፓምፕን፣ ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ተቀንሶ፣ ከ20 ሰዓት በላይ ያዞራል። 200 ዋት ማሞቂያ ግን በ3 ሰዓት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ባትሪው ለፓምፑ ነው። ለሙቀቱ ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት። ውሃ ሙቀት ቶሎ አይለቅም፤ ዓሣ ደግሞ ጥቂት ዲግሪ ቀስ ብሎ ቢቀዘቅዝበት ይችላል፣ ያለ ኦክስጅን ግን አይችልም።

ጋዙ፦ ተክሉን የሚያሳድግ፣ ሰው ሊገድል የሚችል

ተክል ከፀሐይ ብርሃንና ከውሃ ሌላ ካርቦንዳይኦክሳይድ ይፈልጋል። ውሃ ውስጥ ደግሞ እሱ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጠንከር ያለ መብራት ያለው ገንዳ ጋዝ ይጨመርለታል። የሚፈለገው መጠን በሊትር እስከ 30 ሚሊ ግራም ድረስ ነው።

እርሾና ስኳር በላስቲክ ጠርሙስ በጥብጦ ጋዝ ማውጣት ይቻላል፣ ጠላ የሚጠምቅ ሰው ጋኑ ለምን እንደሚንተከተክ ያውቃል። ለኢንላይን ግን አይሆንም። የኢንላይን ማስገቢያ ጋዙን እንደ ጭጋግ አድቅቆ የሚያስገባ ድንጋይ ስላለው 2 ባር ገደማ ግፊት ይፈልጋል። እርሾ ደግሞ ሲያሻው ይፈጥናል፣ ሲያሻው ይዘገያል፣ ማታም አይቆምም። እርሾውን ለትንሽ ገንዳ ተዉት።

ለኢንላይን ሲሊንደር ያስፈልጋል። ሲሊንደሩ ላይ ግፊት መቀነሻ (ሬጉሌተር)፣ አረፋ መቁጠሪያ፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ፣ እና በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ሶሌኖይድ ይገጠማል። ሶሌኖይዱ መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚዘጋ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። ካልሆነ ውሃው በማይዞርበት ሰዓት ጋዙ መፍሰሱን ይቀጥላል።

አሁን በጥሞና። ሙሉ የሲኦቱ ሲሊንደር ውስጥ በ20 ዲግሪ ሙቀት 57 ባር ገደማ ግፊት አለ። የቡታጋዝ ሲሊንደር ለዚህ ግፊት አልተሠራም። ብየዳ ቤት ወስዶ አፉን ቀይሮ መሙላት ቦምብ መሥራት ነው። ለሲኦቱ የተሠራና የተፈተሸበት ቀን የተመታበት ሲሊንደር ብቻ ያዙ። ቆሞ፣ ግድግዳ ላይ ታስሮ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ጋዙ ሽታ የለውም፣ ከአየር ይከብዳል፣ ወለሉ ላይ ይተኛል። 3 በ3 የሆነች መስኮቷ የተዘጋ ክፍል ውስጥ 5 ኪሎ ጋዝ አንዴ ቢያመልጥ የክፍሉ አየር ከ10 በመቶ በላይ ሲኦቱ ይሆናል። ይሄ ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ያስታል። ስለዚህ ትንሽ ሲሊንደር፣ አየር ያለው ክፍል፣ ከሕፃናት መኝታ የራቀ። በየመጋጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀቡ፤ ከተነፋ ያፈሳል።

መጠኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ድሮፕ ቼከር የሚባል ትንሽ ብርጭቆ አለ፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ቀለም ይቀይራል። ሰማያዊ ከሆነ ጋዙ አንሷል፣ አረንጓዴ ከሆነ ልክ ነው፣ ቢጫ ከሆነ አደጋ ነው። ግን አንድ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ነው የሚናገረው። ከሱ በፊት የሚናገሩት ዓሦቹ ናቸው። አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ ጋዙን ዝጉ፣ የመመለሻውን ቱቦ ውሃውን እንዲያናውጥ ወደ ላይ አዙሩ። ያ የከፍታ ነገር እዚህ ይመጣል፦ ኦክስጅናችን ስለሚያንስ መሳሳቻችንም ጠባብ ነው። ከ15 ጀምራችሁ በሳምንታት ከፍ አድርጉ። መመለሻው የውሃውን ወለል ሁልጊዜ ትንሽ ያንቀሳቅሰው። ጋዙ መብራት ከመብራቱ አንድ ሁለት ሰዓት በፊት ይከፈት፣ ከመጥፋቱ አንድ ሰዓት በፊት ይዘጋ። ሌሊት ተክሉም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ነው የሚስበው።

ውሃው፣ እና ፈረቃው

ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ቤታችን ሲደርስ ክሎሪን አለበት። ክሎሪን ለኛ ጤና ነው፣ ለዓሣና ለማጣሪያው ባክቴሪያ መርዝ። የግድብ ውሃና የጉድጓድ ውሃ ጥንካሬያቸውም አንድ አይደለም። ሰፈራችሁ ያለውን በመመርመሪያ ወረቀት ለክታችሁ ዓሣ ምረጡ እንጂ ዓሣ ገዝታችሁ ውሃ አትፈልጉለት።

የተክል ገንዳ በሳምንት ሲሶ ወይ ግማሽ ውሃው ይቀየራል። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰው ይሄ ትልቅ ጥያቄ ነው። መፍትሔው ከፈረቃው ጋር መሄድ ነው። ውሃ በመጣ ቀን አንድ በርሜል ለገንዳው ሙሉ፣ አፉን ክፍት አድርጋችሁ ሁለት ቀን አቆዩት፣ ክሎሪኑ ይተናል። የተዘጋ ሮቶ ውስጥ ግን ቀስ ነው የሚለው። ከመጨመራችሁ በፊት ሙቀቱን አስተካክሉ። የሚወጣውን ውሃ አትድፉት፣ ለአበባና ለጎመን ማዳበሪያ ነው። ጎረቤት ጀሪካን ይዞ በሚሰለፍበት ሰፈር 50 ሊትር ንጹሕ ውሃ በሳምንት ለዓሣ ማዋል ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ ካልተመቻችሁ ትንሽ ገንዳ ያዙ።

የመጨረሻው፣ ግን ትልቁ ነገር

ጋዝ ያለው ገንዳ ተክሉ ይፈላበታል። በየሁለት ሳምንቱ ትቆርጣላችሁ። የቆረጣችሁትን የት ትጥላላችሁ?

ቦይ ውስጥ እንዳትሉኝ። የመርካቶ ቦይ ወደ ትንሹ አቃቂ ይሄዳል፣ ትንሹ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ አባ ሳሙኤል ወደ አዋሽ፣ አዋሽ ወደ ቆቃ። እምቦጭን አስታውሱ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ አበባው ስለሚያምር ሰው በየገንዳው ይዞት በዓለም የተሠራጨ ተክል ነው። በሀገራችን በ1965 (እ.ኤ.አ.) ቆቃና አዋሽ ላይ ታየ። በ2011 (እ.ኤ.አ.) ጣና ላይ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ስንት ሺህ ገበሬ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ እንደነቀለው በዜና አይተናል። ዛሬ የሚያምር ነገር ነገ የሐይቅ ችግር ሊሆን ይችላል።

የተቆረጠ ተክል ፀሐይ ላይ ይደርቅ፣ ከዚያ ቆሻሻ ውስጥ ወይ ማዳበሪያ ውስጥ ይግባ። የማትፈልጉትን ዓሣም ወንዝ አትልቀቁ፣ ለሚያኖር ሰው ስጡ። እምቦጭን ደግሞ "ለገንዳዬ ያምራል" ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትግዙ።

እንግዲህ ልጀምር ለሚል ሰው

ገንዘባችሁ ሁሉንም ካልቻለ በዚህ ቅደም ተከተል አውጡት፦ መጀመሪያ አርሲዲ፣ ቀጥሎ ጥሩ ማጣሪያ፣ ቀጥሎ ማሞቂያ፣ በመጨረሻ ጋዝ። ያለ ጋዝ የሚኖሩ፣ ደካማ መብራት የሚበቃቸው አኑቢያስና ጃቫ ፈርን የመሳሰሉ ተክሎች አሉ። ዓሦቹን ደግሞ ማጣሪያው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሠርቶ ባክቴሪያው ከተደላደለ በኋላ አምጧቸው። ቀድሞ የገባ ዓሣ በራሱ ሽንት ይመረዛል።

ካቢኔቱን ዘግታችሁ ከመተኛታችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ፦ ሶፍቱ ደረቅ ነው? ውሃው እየዞረ ነው? ሲሊንደሩ ታስሯል? ሦስቱም አዎ ከሆነ ደህና እደሩ።

ገንዳ ሊገጥም ያሰበ የምታውቁት ሰው ካለ ጎማውን ከመግዛቱ በፊት ይሄን ላኩለት።